ቀበቶህን ፍታ

አስፋልቱ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ባሕር ነው፣
የካቲት አርግቶት መንገድ ያስመሰለው።
ሄልቬ ከጎኔ መስኮቱን ከፈተች፤
«ቀበቶህን ፍታ፣ በሩን ገርበብ አርገው» አለች።

«ቀበቶ?» አልኳት፤ ከታሊን መጥቻለሁ፣
ማሰር እንጂ መፍታት የት ተምሬ አውቃለሁ?

«ማሰር የሚያድነው ከወደቡ ማዶ ነው፤
እዚህ የታሰረ ታች ነው የሚወርደው።
ከፊትህ ያለውን ከሩቅ ተከተለው፤
ሁለት መኪና አብሮ በረዶ መች ቻለው።
ወይ አዝግም ወይ ብረር፤ መሀል ላይ ስትሆን
ከታች ማዕበል ተነስቶ ያነቃል በረዶውን።»

ፍሬኑን ረስቼ፣ እግሬን አላልቼ፣
ባሕሩ እንዳይነቃ ትንፋሼን ገትቼ
ነዳሁ። ከጎማው ስር አንድ ነገር ያፏጫል፣
ከኋላ የዳቦው ሳጥን ይንጫጫል።

ከሰባተኛው የጥድ ቅርንጫፍ ስንደርስ
ጓንቷን አወለቀች።

«ኡርማስ እዚህ ቀረ» አለች፤ «ንዳ፣ አትቁም።
ሠላሳ ዓመት ኖርን፤ ስንት ቀን ተጣላን፣ አልፈታሁትም።
ያን ሌሊት፣ ውሃው ደረቱን ተሻግሮ፣
እፈታው ነበረ፣ እጄ ቢደርስ ኖሮ።»

ማዶ ደረስን። ጭቃ። ከዚያ ጥቁር አስፋልት።
ቀበቶዋን ሳበች፤ ጠቅ። እኔም አሰርኩት።
«ዳቦው ቀዘቀዘ» አለች፣ «አሁን ፍጠን።»