ጥርስ የሌለው ጎማ

ከሶቻ ወንዝ ማዶ፣ ከመሰንጠቂያው በር፣
በዝደንኮ ጎሚስታ፣ ሰኞ ጠዋት ነበር፤
ብስክሌቴን ገፍቼ፣ ጭቃዋን ሳልጠርግ፣
ቆምኩኝ ጎማዎች ፊት፣ ምን እንደማደርግ
ጠፍቶኝ።

ከመስከረም ወዲህ አይብ ፋብሪካ ገብቼ፣
አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ በሌሊት ተነሥቼ፣
መንገዴ አስፋልት ሆነ። የጎማዬ ጥርሱ
እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል ለራሱ።
ጉልበቴን ይበላል፣ ዳገቱን ያረዝማል፤
ሩቅ ያለ ውሻ እንኳ መምጣቴን ይሰማል።
ጎረቤቴ ዝቮንካ መስኮቷን ከፍታ
"ምን ጭነህ ነው?" ትላለች፣ በእንቅልፏ ተቆጥታ።

ደግሞ ይህን ጎማ ከቦሽትያን ጋራ
ነበር የገዛነው፤ ያኔ ከተራራ
ሥርና ድንጋዩን እንደ ፍየል ዘለን፣
ክርናችን እየደማ "ገና ነው!" ተባብለን፣
ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ቤታችን የምንደርስ፣
ከጭቃ የተረፈን ዓይናችንና ጥርስ።
እሱ መንታ ወልዶ ብስክሌቱን ሸጠ፤
ባለ አራት እግር ጋሪ በምትኩ ለወጠ።
እኔ መሸጥ ቀርቶ ጎማዋን መንቀሉ
ክህደት ሆኖ ታየኝ፤ ታዘበኝ ገደሉ።

ዝደንኮ አልቸኮለም። ከግድግዳ አወረደ፤
ሆድ እንደሚያይ ሐኪም ዳበሰ፣ ወደደ።
"ይሄ ሁለት ኢንች ነው፤ ታጋሽነት ሀብቱ፤
ጉድጓድ ይውጥልሃል፤ ዳገት ነው ጠላቱ።
ይሄ አንድ ተኩል፣ ቀጭን ነው፣ ይበራል፤
ግን በያንዳንዱ ስንጥቅ አጥንትህን ይቆጥራል።"
"ያስ?" አልኩት፤ መሐሉ ልሙጥ፣ ጎኑ ጥርሳም።
"ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።"

"ዝናቡስ?" አልኩ ደግሞ። እዚህ ሸለቆ ላይ
ደመና ይታለባል፣ ብርቅ ናት ፀሐይ።
"ልሙጥ ጎማ ውሃ ላይ ገልብጦ አይጥለኝም?"
ዝደንኮ ሳቀብኝ፤ ለካ እሱም ጥርስ የለውም።
"የቦሽትያንን መንታ ጣት አጉርሰህ ታውቃለህ?
ያ ጥርስ የሌለው ድድ፣ አይለቅህ ሲይዝህ?
ጥርስ ለጭቃ ነው፤ ገብቶ ይነክሳል፤
አስፋልት ጥርስ አይሻም፤ ጡት ነው፣ ይጠባል።"

ከሁለቱ መሐል ያለውን ገዛሁት፣
መላጣ፣ ፀጉር የሚያህል መስመር ያለበት።
አሮጌው ሲወልቅ፣ ከጥርሶቹ መሐል
የደረቀ ጭቃ ከወለሉ ፈሰሰ።
ዝደንኮ በመጥረጊያ ጠረገው። ዝም አልኩኝ።
"ጎማውንስ ልጣለው?"
"አይ፣ እሱን ተወው" አልኩኝ።

ነፋስ ሞላላቸው፤ በጣቱ አንኳኩቶ፣
እንደ ሐብሐብ ገዢ ጆሮውን ሰጥቶ፣
"በየሳምንቱ ሙላ፤ የጫካውን ልክህን
እዚህ እርሳ" አለኝ።

ማግስቱን በሌሊት እንደ ድመት ወጣሁ፤
ንብ የለ፣ ውሻ የለ፤ ትንፋሼን ሰማሁ።
ለካ ወንዙ እዚያ ነው፣ ከመንገዱ ሥር፣
ሁለት ወር በሙሉ አጠገቤ ሲናገር።

ማታ ስመለስ ግን ዝቮንካ ከደጇ
ቆማ ትጠብቃለች፣ ወገቧ ላይ እጇ፤
"ምን ነካህ? ሞትክ ወይ? ሰዓቴ አንተ ነበርክ!
ላሟ ሳትታለብ ረፈደ፣ ስላላለፍክ!"

ከዚያን ዕለት ወዲህ፣ መስኮቷ ሥር ስደርስ፣
ደወሌን ሁለቴ ነካ አደርጋለሁ፣
ቀስ።