የቆጣሪ አንባቢው ልጅ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ምስሌ ፒያሳ ሲለጠፍ፣
ከጣልያን ሠራሹ ሕንጻ፣ ከሲኒማው በር ደጃፍ፤
ጸጉሬ ተበትኖ፣ ጊታሬ እንደ ምሳር ተነሥቶ፣
አፌ ተከፍቶ።
ፎቶው ላይ የምጮህ እመስላለሁ።
እውነቱን ልናገር? እያዛጋሁ ነበር፤ አሁን ሳስበው እስቃለሁ።

ያኔ ግን አልሳቅሁም። በዚያ ግድግዳ ሥር
ስድስት ጊዜ አለፍሁ በአንድ ቀን፣ በጥቁር መነጽር፣
እንዳልታወቅ ብዬ።
ማንም ሳያውቀኝ ሲቀር ተከፋሁና
መነጽሬን አውልቄ ተመለስሁ በዚያው ጎዳና።
አንዲት ቲማቲም ሻጭ ቀና ብላ አየችኝ፦
«አንቺ የእንየው ልጅ አይደለሽም? የቆጣሪ አንባቢው?
ለአባትሽ ንገሪው፤ ውሃው ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ፤ ሂሳቡ ግን አይጠፋም፣ ምንድን ነው?»

አባቴን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤
ከአዘዞ እስከ ሳሙና በር ውሻ ሁሉ ይጮህበታል፤
በሰማያዊ ካፖርቱ፣ በእጅ ባትሪው፣
በየግቢው ጎንበስ ብሎ፣ አፈር ጠርጎ፣ ቁጥር ሲለቅም ከቆጣሪው።
ላልመጣ ውሃ ሂሳብ የሚያመጣ ሰው፣
ስድቡን ሁሉ «እሺ እናቴ» ብሎ የሚያልፈው።

ጊታሩን የገዛልኝ እርሱ ነው፣
ከተበተነ የሆቴል ባንድ፣ ያጠራቀማትን አራግፎ።
«ምን ይባላል የምትጫወችው?» አለኝ።
«ሮክ» አልሁት።
«ድንጋይ ማለት ነው» አለችው እህቴ ስንዱ።
ጥቂት አሰበ።
«ድንጋይማ ጎንደር መች አንሶት!»

ከዚያ ዝናው መጣ፤ መጣ ከነጓዙ፤
ሰላም የማይሉኝ ሁሉ የአክስት ልጅ ሆነው በዙ።
አዲስ አበባ ተጠራሁ፤ ባሕር ዳር ተጨበጨበ፤
የሸሚዜን እጅጌ የቀደደ ጎረምሳ ቁራጩን ሊሸጥ አሰበ።
እኔም ማለት ጀመርሁ፦ «አርቲስቷ ደክሟታል»፤
(አርቲስቷ እኔው ነኝ፤ እናቴን ሳቋ ያመልጣታል።)

የስታዲየሙ ለት፣
ስሜ ከስምንት ሺህ አፍ እንደ በረዶ ረግፎ፣
ድምፄ ተሰንጥቆ፣ የጊታሬ ክር ተበጥሶ፣
ቤት ገባሁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ።
ገና ጋደም ስል፣ ከጓሮ አንድ ጩኸት ወጣ፦
«ውሃ መጣ!
ተነሡ! ውሃ መጣ!»

እናቴ ናት። እንዲህ ያለ ድምፅ እኔ በማይክም የለኝ።
ሰፈሩ በአንዴ በራ፤ ባልዲው፣ ሳፋው፣ ጀሪካኑ፣
መምሬ ደርሶ ያለ ጥምጣማቸው፣ ከነልጆቻቸው ከነበርሚሉ።
ስንዱ ጎማውን ወረወረችልኝ።
«ያዢ።»
«ደክሞኛል።»
«እኛም ደክሞናል። ያዢ።»

ያዝሁ። በመድረክ ልብሴ፣ ከነሰንሰለቱ፣ ከነኩሉ፣
ሃያ ሁለት ጀሪካን ሞላሁ፤ ቆጠርኋቸው በሙሉ።
ማንም አላጨበጨበም።
አባቴ ባትሪውን ይዞ ቆጣሪው ላይ አቀርቅሯል፣
ትንሿ ቀይ መዘውር ስትሽከረከር ያያል።
«ላይ ሰፈር አልደረሰም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፤
«ግፊቱ አነሰ፤ ከፍታ ላይ ያሉት ዛሬም ደረቁ፤ ምን ይቀምሱ?»
ምሳሌ አያውቅም አባቴ፤ ስለ ውሃ ነበር ያለው፤
ሰርቄ ለራሴ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አልደብቀው።

ዛሬ ሠላሳ አራት ሞላኝ። በፖስተሬ ላይ የሲሚንቶ ማስታወቂያ ተለጠፈ፣
በሲሚንቶው ላይ የአስጠኚ፤ ከዚያ ክረምት ገባ፣ ሁሉም ረገፈ።
አባቴ ጡረታ ወጣ፤ ጉልበቱ ጎንበስ አይልም፤
ቤት ስመጣ ቆጣሪውን አነብለታለሁ፤ ስሳሳት ግን አይምርም።

አሁንም እዘፍናለሁ። ሰው ሳይገባ፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣
ማይክ ስሞክር «ሄሎ፣ ሄሎ» አልልም፤
የቤታችንን ቆጣሪ ቁጥር እጠራለሁ፦
«ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት፣ ሰባት…»
ከበሮ መቺያችን የስልክ ቁጥር ይመስለዋል።
«የማን ነው?» ይለኛል ሁሌ።
«ተወው» እለዋለሁ፤
«ሌሊት ብቻ ነው የሚያነሣው።»