አንድ ጠመንጃ፣ የጠፋ

የተማሪ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ።
የመጨረሻው ልጅ ከወረደ በኋላ፣
ሕጉ ነውና፣ እስከ ጅራቱ ወንበር በእግሬ እሄዳለሁ፤
እንቅልፍ የጣለው፣ ከመቀመጫ ሥር የቀረ እንዳይኖር
ጎንበስ ብዬ አያለሁ።
ሞተሩን የማጠፋው ከዚያ ወዲያ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስፈታ፣
ኮልቸስተር፣ ኮነቲከት፣ ማዘጋጃው ምድር ቤት፣ ማታ፣
ሚስ ዶርካስ ዊፕል ናት ቁልፉን የምትሰጠኝ፤
«ዛሬስ ስንት ሞተ?» ብላ የምትጠይቀኝ።
አትቀልድም እሷ። ሂሳቡን ታውቃለች፤
የጎደለውን ሰው በጣቷ ትቆጥራለች።

ሺህ ሰባት መቶ አምሳ ስምንት፣ በነሱ አቆጣጠር፣
እንግሊዝና ፈረንሳይ በሞሃውኮች ምድር
ሐይቅና ምሽግ ሲነጣጠቁ፣ ከዚህች መንደር
ሰማንያ ሰባት ሰው ወደ ሰሜን ተነሣ፤
ስልሳ አንዱ ተመለሰ፤
አሥራ አንዱን ሻምበሉ «ሞተ» ብሎ ጻፈ፤
የቀረው አሥራ አምስት በየት በኩል አለፈ?

ሻምበሉን ሰነፍ አልለውም።
ፈንጣጣ ከድንኳን ድንኳን ሲዘል፣
ቀለሙ ብልቃጡ ውስጥ በረዶ ሆኖ ሲሰነጠቅ፣
ማን ማንን ይቆጥራል?

ሙት ግን ዱካ አለው፤ በተለይ ዕዳ ያለበት ሙት።
የጫማ ሰፊው የዱቤ መዝገብ እንዲህ ይላል፦
«ኤሊፋሌት ስካቪል፣ አንድ ጥንድ ቦት፣ አልተከፈለም።»
ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፣
«መበለቲቱ በቅቤ ከፈለች።»
«መበለቲቱ» በምትለው ቃል ውስጥ
ሰውዬውን ሞቶ አገኘሁት።
ሌላውን በላም ሽያጭ። ሌላውን፣
ታንክፉል የምትባል ሚስቱ (ስሟ «አመስጋኝ» ማለት ነው)
የተወሰደባትን ብርድ ልብስ ዋጋ
መንግሥትን በለመነችበት ደብዳቤ።
አሥራ አራቱን እንዲህ ለቀምኩ። ሰባት ክረምት ፈጀብኝ።

አሥራ አምስተኛው፦
«ኳሽ፣ ጥቁር፣ የዲያቆን ሉመር።»
እኛ ዘንድ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው አባት ነው፤
እዚህ መዝገብ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የመጣው ጌታው ነው።
ደመወዙን ዲያቆኑ በየወሩ ፈርሞ ወሰደ፣
እስከ ኦክቶበር አሥራ አራት።
ከዚያ ፊርማው ቆመ።
የሰው ትንፋሽ ሲቆም የሚያይ አጠገቡ ይኖራል፤
የዚህን ሰው ሲቆም ያየሁት ደመወዙን ነው።
ቀጥሎ የዲያቆኑ አቤቱታ፣ በመልካም የእጅ ጽሕፈት፦
«አንድ ጠመንጃ፣ የጠፋ።
ሁለት ፓውንድ ከአሥር ሺሊንግ። ይከፈለኝ።»
ተከፈለው።
ጠመንጃው መስመር አገኘ፤
ያነገተው ሰው አላገኘም።

ለሚስ ዶርካስ «አሥራ አምስት» አልኳት፣ ቁልፉን ስመልስ።
ጣቷን አጠፈች። ምንም አልተናገረች።

መርዶ ለብቻ አይኬድም።
ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣
ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው በር የሚንኳኳው።
ማንን ልጥራ?
ረቡዕ ንጋት ላይ ባዶ አውቶቡሴን ይዤ
የዲያቆኑ ቤት ወደ ነበረበት ሄድኩ።
ጎማ ቤት ሆኗል።
ዌንደል የሚባለው ባለቤቱ መዝጊያውን ወደ ላይ እየገፋ
«ተነፈሰብህ?» አለኝ።
«የለም፣ ጎማው ደህና ነው። ሰው ሞቶ ነው።»
ኮፍያውን አወለቀ። ቅባት የጠጣ ኮፍያ።
«መቼ?»
«ኦክቶበር አሥራ አራት።» ዓመቱን አልነገርኩትም።
«አዝናለሁ» አለ፤ ማዘኑም ከፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤
ለዚያ ሰው ያዘነ የመጀመሪያው ይሁን ሁለተኛው፣ እንጃ።
«ስሙ ማን ነበር?»
«ኳሽ።»
«ኳሽ ማን?»

አውቶቡሱ ከኋላዬ ያጉረመርማል።
አንድ ሰዓት ከሩብ፤ የመጀመሪያው ልጅ መንገድ ዳር ቆሟል።

«ማክሰኞ» አልኩት።