ስፖኪዮ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ፣
ዝናብ ያባራ ነው፣ አመድ መስሎ ሰማይ።
ከፊቴ አይሱዙ፣ ሙዝ እስከ አፉ ሞልቶ፣
ከኋላዬ ባጃጅ፣ ክላክሱን ነካክቶ፣
ከባጃጁ ኋላ ሌላ ባጃጅ፣ ሌላ፣
ጭራው ሂርማታ ነው፣ ወይም ከዚያ ኋላ።

እኔ መሪ ይዤ ነው ፀጉሬ የሸበተ።
ከአጂፕ እስከ ቆጪ፣ ዝናብ የከፈተው
ጉድጓድ ሁሉ ያውቀኛል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣
አማቴ የምለው አለ፤ ቀስ ብዬ አልፈዋለሁ።
ሁሉንም ችያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣
እኔ በቆምኩበት፣ በዚህች ጠባብ ስርቻ፣
ሌላ ሰው ሲያልፍ ሳይ።

መጣ ደግሞ ያ ድምፅ። ከመስታወቱ ዳር
እንደ ጢንዚዛ ነው፣ ብቅ ጥልቅ በመስመር፤
ሳያዩት ይሰማል፣ ሲያዩት አልፎ ሄዷል፣
በሁለት መኪና መሀል ክር ሆኖ ይሾልካል።

ያኔ ሰልፉን ልብ በል። የሞተው ይነቃል።
የሚኒባሱ ነስሩ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣
«ይሞክራታ!» ይላል፣ ጫቱን ያላምጣል።
ቪትዟ ውስጥ ያለችው ነርስ ትንፋሿን ትይዛለች፣
መኪናዋ የምትቀጥን ይመስል ሆዷን ትስባለች።
የመሥሪያ ቤቱ ላንድክሩዘር ክላክሱ ላይ ይተኛል።
አቶ ልሳኑ ብቻ፣ በዚያች በአሮጌ ቮልሱ፣
እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ ልጄ፣ እለፍ»፤ እሱ
የሚቸኩልበት የለውም፤ ቮልሷም አትችል ራሱ።

እኔስ?
እኔማ እጄ ነው። ሳላዘው፣ ሳልመክረው፣
መሪውን ወደ ግራ ስንዝር ያህል ሰበረው።
ጎማዬ ነጩን መስመር እንደ ድመት ረግጦ
ክፍተቷን ይዘጋል፣ ቀስ ብሎ፣ አድፍጦ።

ምክንያት ብትጠይቀኝ ምክንያት አላጣም፦
የግራ ስፖኪዮዬን ባለፈው ሚያዝያ
አንዱ በክርኑ መትቶ፣ ሳያይ፣ ወደዚያ
ወደ ጅሬን ዳገት ነጎደ።
እስከ ዛሬ አለ፣ በፕላስተር ታስሮ፣
ጥርሱን እንዳመመው ሽማግሌ።
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር አሉኝ መርካቶ፣
ያውም ለአሮጌው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ብሩ አይደለም ነገሩ።
ስፖኪዮዬ ደህና ሳለም ይዘጋ ነበር በሩ።
እሱ ስላለፈ እኔ የምዘገየው
አንዲት ደቂቃ የለም፤ ሰልፉም ያው፣ እኔም ያው።
ብቻ፣ ከቆምን አብረን ነው፤ ሁላችንም እንቁም፣
ዝናቡ ለሁሉም ነው፣ ጥበቱም ለሁሉም።

ዛሬ የመጣው ሞተር ከኋላው ልጅ ጭኗል፣
ልጁም በሁለት እጁ መስታወት አቅፏል፣
ለፀጉር ቤት መሰለኝ፣ ቁመቱን የሚያህል፣
ጠርዙ በጆንያ ታስሮ፣ እጅ እንዳይበላ፣ እንዳይሾል።
እጄ እንደ ልማዱ ስንዝሯን ዘጋ። ቆመ
ሞተሩ ከመስኮቴ ሥር፣ እያጉረመረመ፤
ልጁም አልተሳደበ፤ ክርኑ ግን ደከመ፣
መስታወቱ ዘመመ።

እናም አየሁት።
ዓይኑ የቀላ፣ ጥርሱን የነከሰ፣
ለስንዝር አስፋልት ብሎ ጦር ሊሰብቅ የደረሰ፣
ደመወዝ ሳይቆረጥለት
የድልድይ ዘበኛ የሆነ ሰውዬ።
ማነው ይሄ? አልኩኝ። እኔ ነኝ ብዬ
እስክመልስ ድረስ ባጃጁ ጮኸብኝ።
መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ እያቃሰተ ታዘዘኝ።

መስታወቱ አለፈ፣ ሰማይ ተሸክሞ፣
የአይሱዙውን ሙዝ፣ የነስሩን በር ደግሞ፣
የነርሷን ጉንጭ፣ አዌቱን ከነድፍርሱ፣
እያነሳ እየጣለ። ልሳኑ ሳቀ፤ አይቷል እሱ።

ነጂው አላመሰገነኝም። እኔም አልጠበቅሁ።
ሰልፉ አንድ ክንድ ሄደ። አንድ ክንድ ተጠጋሁ።

ከዚያ ያ ድምፅ እንደገና። ከመስታወቱ ዳር
ጢንዚዛው ብቅ አለ፣ ብቻውን፣ ያለ አንዳች ነገር፣
እያፏጨ።
እጄን አየሁት፣
ተቆጣሁት፣
ደግሞ አየሁት።
መሪው ወደ ግራ፣ ቀስ እያለ፣ ስንዝር…

ይሄኛው መስታወት አልያዘም።