ባለ አራት ቀዳዳ

በረዶ በማይለቀው የሞራቪያ ሰፈር፣
ኦታካር ይኖራል፣ ከቶርኖው ሲከራከር።
ወንዝ የተፋውን ዛጎል ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ወልውሎ፣
በአራት ቀዳዳ በስቶ፣ በደርዘን ጠቅልሎ፣
"ሸሚዝ ሰውን ቢከዳ ጨርቁን አትውቀሱ፣
ጥፋቱ የቁልፍ ነው" ይላል ለራሱ።

ገዢው ግን ሳስቶበታል። የማዕዘኑ ሱቅ ተዘጋ፣
የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል ክረምት ከበጋ።
የድሮ ደንበኞቹ ስም በመዝገብ ቀርቷል፤
ግማሹ ዕዳውን ከፍሏል፣ ግማሹ ሞቷል።

እኔ ሚላዳ ነኝ፣ ግድግዳ ተጋሪ፣
በድረ ገጽ ሥራ የቤት ኪራይ ቆጣሪ።
"የመክፈያ ቁልፍ ልግጠምልህ" ብለው፣
መነጽሩን ገፍቶ፣ "ስንት ቀዳዳ አለው?"
"የለውም።"
"ክሩ በየት ያልፋል? ምን ይዞት ይቆማል?"
መልስ ባጣ ሳቅሁ እንጂ፣ ነገሩ ይገርማል፦
የኔም ቁልፍ በክር ነው፣ ዓይን በማያየው፣
በባንክና በውል፣ በፈቃድ በዘገየው፣
"መታወቂያ ላክ" በሚል፣ "ፎቶው አይነበብም"፣
"እንደገና ላክ" በሚል፣ ደግሞ "አልደረሰንም"።
አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

ቀለም ስናማርጥ፣
"አረንጓዴ?" አልሁት። "ምን፣ ጎመን ልሸጥ?"
"ሰማያዊስ?" "የፖሊስ።" ዛጎሉን አነሣ፣
መስኮት ላይ አዞረው፦ እንደ ዓሣ ሆድ ሳሳ፣
ሮዝ ሆነ፣ ነጭ ሆነ፣ ተመልሶ አመድ።
"ይኸን አድርጊልኝ።" ከየትኛው ቁጥር ልውለድ?
ደከምሁ፤ ግራጫ ወጣ።

"አሁን ይክፈሉ" ብዬ ላዩ ላይ ብጽፍበት፣
"ማን ነኝና አዛለሁ? 'ቢሆንልዎ' በይበት።"
"የአንዱስ ዋጋ?" "አንድ ቁልፍ በገንዘብ አይሸጥም፤
አንድ የጎደለው ሰው ከቤቴ ባዶውን አይወጣም።"
ሳጥኑ ግን ዜሮን አልቀበልም አለ።
ዋጋ ጻፍሁ። ቀና ሳይል፣ ቶርኖው ላይ ዋለ።

ማታ፣ ለሙከራ፣ የውሸት ካርድ መታሁ፣
"ወይዘሮ እገሊት" ብዬ ስም አወጣሁ፣
ሁለት ደርዘን አዘዝሁ፤ አድራሻው የኔው ቤት።
"ክፍያው ተሳክቷል" አለኝ፤ ተኛሁ ያለ ቅዠት።

በሦስተኛው ጠዋት ደጄ ተንኳኳ፤
ኦታካር፣ ጢሙን በረዶ የነካ፣
አውራ ጣቱ ታስሮ፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ፣
"እመቤቲቱ አሉ?" አለ፣ ጥቅሉን ዘርግቶ፣
"አልነገርሽኝም እኮ እንግዳ መምጣቱን።"
መሬት ብትውጠኝ! ነገርሁት እውነቱን፦
ስሙም፣ ካርዱም፣ ገንዘቡም፣ ልፈትን ብዬ ነው።
ቆመ። "ቁልፎቹስ?" አለ፣ "እነሱም የውሸት ናቸው?"
ጠረጴዛዬ ላይ ትቷቸው
ሄደ።

የሙከራውን ነቅዬ እውነተኛውን ከፈትሁ፤
ሃያ አራቱን ቁልፍ፣ ከነእፍረቴ፣
ካፖርቴ ላይ፣ እጅጌው ሳይቀር፣ ሰፋሁ።
በሳምንቱ ደረሰ፣ ከትሪየስቴ ማዶ፣
የአርባ ቁልፍ ትእዛዝ፣ ከእውነተኛ ካርድ ወርዶ፦
ኦርኔላ፣ ልብስ ሰፊ።
ጠበቅሁ። ቶርኖው ዝም አለ፤
አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስተኛው ቀን ዋለ።
ሮጬ ስገባ ሾርባውን ይጠጣል።
"አይቻለሁ" አለኝ፣ "ደወሉም ይጮኻል።
ኦርኔላ! ካለፈው ይሄኛው ስም ያምራል።"
ማልሁ። የባንኩን መልእክት ዓይኑ ሥር ደቀንሁ።
"ያን ጊዜም 'ተሳክቷል' ይል ነበር" አለኝ፤ አፈርሁ።

ከዚያ ካፖርቴን አየ። ዓይኑ ደረቴ ላይ ቆመ፤
አንዱ ቁልፍ፣ ከአሰፋፌ፣ ወደ ጎን ዘመመ።
ማንኪያውን አስቀምጦ፣ በሁለት ጣት ይዞ፣
ሳበው፣
አንዴ፣
ደግሞ አንዴ፣ ፊቱ ተኮሳትሮ፣ ፈዞ።

ክሩ አልተበጠሰም።

"ስፌትሽ" አለ ሲነሣ፣ "ስፌትሽ አያምርም።
አርባ ነው ያለችው?"
"አርባ።"
"አርባ አንድ በያት፤ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።"