ባለ ጎማው ቤት

ገላን፣ ከጋራዡ ግቢ፣ ከብየዳው ፍንጣሪ መሃል፣
ጉርሜሳ የመኪናውን ጎን መታ መታ እያደረገ «ይኸውልህ ቤት» ይለኛል።
ድሮ ታክሲ ነበር፤
ሰማያዊው ቀለም ዛሬም ያጮልቃል በበሩ ዳር።
አሥራ ሁለት ሰው ታጭቆ ሲጋፋበት የኖረ ሆዱ
አሁን አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ መደርደሪያ ነው ጉዱ።
ሶስና ዘላ ገባች፤ መጋረጃውን ከፍታ፣ ዘግታ፣
«አባዬ፣ ሳሎናችን መሪ አለው!» አለች፣ ቆማ፣ ተቀምጣ፣ ተኝታ።

ውል ተዋዋልን።
«አከራይ» የሚል ቃል፣ «ተከራይ» የሚል ቃል፤
ሁለተኛውን ስም እጄ ተኝቶም ይጽፈዋል።
«መያዣስ?» አለ። «የቤት ካርታ?»
ካርታ ቢኖረኝማ ምን አመጣኝ እዚህ፣ ለአራት ቀን ጣራ ልማጸን በጠዋታ?
እጅጋየሁ ዝም ብላ
ሀብሏን ከአንገቷ ፈታች፤ ወረቀቱ ላይ አኖረችው በመሐረብ ጠቅልላ።
አንቀጽ አምስት፦ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው።
ተያየንና ሳቅን፤ ይህን ሕግ እኛ ካላወቅነው ማን ሊያውቀው ነው?

ጀሞ፣ በሦስት ሰዓት መብራቱን ያጠፉብን ነበር፤
አያት፣ ውሃው በጀሪካን፣ እንግዳችን በጣት ይቆጠር ነበር፤
አሁን ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ነፋሱ ከሳህን ላይ እንጀራ የሚገልጥበት።
ዓመት በመጣ ቁጥር «ጨምሩ፣ ካልሆነ ልቀቁ»፤ በሩ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤
ሶስና አፍ ሳትፈታ የለየችው ድምፅ ነው፣ በቃ።

ሐሳባችን ላንጋኖ ነበር፤
ከጎረቤት የተዋስነው የዋና ልብስ፣ ሦስት ፎጣ፣ አንድ ትልቅ ፌስታል ዳቦ ነበር።
ጉርሜሳ የሰጠን ናፍጣ ግን ማደያው ድረስ ብቻ ነው፤
ማደያው ደግሞ ሰልፍ ነው፤
ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ አንድ ሬሳ ሳጥን የጫነ ፒክአፕ፣
(ባዶ ሳጥን ነው አሉን፤ ለሽያጭ፤ እፎይ።)
«ቦቴው ጠዋት ይደርሳል» ተባለ። ጠዋቱ ቀትር ሆነ፤ ቀትሩ መሸ፤
የማደያው ልጅ ጥያቄ ሲበዛበት በጓሮ በኩል ሸሸ።

እጅጋየሁ ምድጃውን ለኮሰች። መኮረኒ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ጣል አድርጋ፤
ሽታው ሰልፉን ይዞ ወረደ፣ ከመኪና መኪና እየተጠጋ።
ከድሩ መጣ፣ የሲኖትራኩ ሹፌር፣ ሐብሐብ በብብቱ ይዞ፤
«እንደ ኤሊ ቤት ተሸክሞ ሰልፍ!» አለ፣ በሩ ላይ ተደግፎ፣ አገጩን ይዞ።
ሰሃን አነሰ፤ አንዳንዱ በክዳን በላ።
ከበላ በኋላ
አልጋውን አየ፤ ጣራውን አየ፤ «ስንት ነው በቀን?» አለኝ፤ ነገርኩት።
«እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመሪ ኋላ ነው የምተኛ፤
ለዚህ ይከፈላል እንዴ፣ ወዳጄ? ንገረኛ።»
መልስ ፈለግኩ። አጣሁ። ሐብሐቡን ቆረጥኩለት።

ሌሊት ዝናብ መጣ፤ ቆርቆሮው አስተጋባ፤
መስኮቱን በእጄ ስወለውል ፎቃችን ታየኝ፣ ከወዲያ ማዶ ጭጋግ ለብሶ፣ እንደ ካባ።
አራተኛው ላይ፣ ሁሉም መብራት ሲበራ፣ የኛ መስኮት ጨለማ፤
እንዲህ ከሩቅ ስናየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቤት መሰለን የኛማ።
እጅጋየሁ ባዶ አንገቷን እየዳበሰች፣
«ቢነጋም ባይነጋም ግድ የለኝ፤ ማንም አልቀሰቀሰንም እኮ» አለች።

ነጋ። በሩ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
ሶስና ከብርድ ልብሱ ስር፣ «ጨምሩ ሊሉን ነው?» ብላ ነቃ፣
ወደ እናቷ ተጠጋች።
ከድሩ ነው። ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ፦
«ቦቴው ገብቷል! ሰልፉ ሄደ! ቤታችሁን አንሱ፣ ምን ይጠበቃል!» እያለ ይስቃል።
ቁልፉን አዞርኩት። አንዴ አጉረመረመች፤ ሁለቴ፤ ከዚያ ተነሳች።
ቤታችን ስድስት ሜትር ያህል ወደ ላንጋኖ ሄደች፤
ሶስና እጇን በመስኮት አውጥታ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ቻው አለች።