ደረጃ የሌለው ቤት

«ከደረጃ ወድቃ ነው» አለኝ፣ ክርኗን ደግፎ ይዞ፣
ቆቡን በብብቱ፣ በላብ ርሶ፣ ፈዝዞ።
እኔም ጻፍኩ፣ «ምክንያት» ከሚለው ዓምድ ሥር፣
«መውደቅ» ብዬ፣ በሰማያዊ ብዕር።

ከዚያ እጄ ቆመ።
ያን ቤት አውቀዋለሁ።
ለፖሊዮ ጠብታ ገንደ ቆሬን ስዞር ገብቼበታለሁ።
ወለሉ አፈር ነው፤ ደፉ ከመንገድ እኩል፣
ጫጩት ሳትዘል ትገባለች በመሃል።

ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው።
መርፌ ስወጋት አላለቀሰችም፤
ጣራ ጣራውን አየች እንጂ ክንዷን አልሳበችም።
ጀርባዋን ገለጥኩ፦
አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፤
አንድ መውደቅ ሦስት ሳምንት ይፈጃል እንዴ?

«ደውዪ እንጂ» አለችኝ ሲስተር ኢክራም በሹክሹክታ፣
«ምን ትጠብቂያለሽ?»
ምን እጠብቃለሁ?
አምና የነቢል ጭን በልዞ አይቼ
ሳላድር ነበር የደወልኩት፣ በንዴት ነድጄ፣ ቸኩዬ።
የደም ሕመም ሆኖ ተገኘ፤ ሳይመቱት የሚበልዝ።
እናቱ ዛሬም ታይዋን ገበያ ድንገት ስታገኘኝ
የመረጠችውን ሽንኩርት ትታ ትሻገራለች፤
ይቅርታዬ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ደግሞ ይሄ ሰው ተካልኝ ነው።
ደቻቱ የሞላ ሌሊት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ወንድሜ የሰባት ቀን፣ አራስ ናት እናቴ።
በድሬ ሰማይ ኮከብ እንደ ጨው ተበትኖ፣
ዝናቡ ግን ማዶ፣ ደንገጎ ላይ ሆኖ።
ማንም ውሃ አላየም፤ አሸዋው ደረቅ ነበር።
እሱ ነው ከሩቅ የሰማው፣ የሚያጉረመርም ነገር።
በር ለበር እየደበደበ «ውጡ! ውጡ!» ሲል
አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሰክረሃል፣ የታል?»
«አላየሁም!» አለ፣ «ድምፁን ነው የሰማሁት!»
እኔና ወንድሜ ያለነው በዚያ ጩኸት።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል።
የእህቱ ልጅ ናት፤ እናቷ ጂቡቲ ናት፣ ለሥራ።
ማንጎ ገዝቶላታል።
ይወዳት ይሆናል፤ አላውቅም፤
ፍቅርና ቀበቶ አንድ ሚስማር ላይ ተሰቅለው ያድራሉ።
ምናልባት ሌላ እጅ ነው። ምናልባት ጎረቤት።
ምናልባት እኔ ነኝ፣ ዳግመኛ የተሳሳትኩት።

ግን ያ ሌሊት ውሃውን ልይ ብሎ ቢቆምስ?
የጎርፉን ጥልቀት መለካት
የበር መቺው ሥራ አልነበረም።

«መውደቅ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ።
ከጎኑ «ድምፁን ሰማሁ» ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፤
ዓምዱ ጠባብ ነው፤ «ጥርጣሬ» አልኩ፣ ፈረምኩ።

ስልኩን አነሣሁ።
በመስኮቱ ሶስና ትታየኛለች፤
ማንጎውን በደህና እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች፣
አልበላችውም።
ተካልኝ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ አለልኝ፣
እንደ ጥንቱ፣ እንደ ጎረቤት።

ይጠራል።
ሦስቴ። አራቴ።
አንሡ እንጂ።